ቤቱ ሳይጀመር አፈሩ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳር መሬት ለሚደለድሉ

ግንቦት ሲጋመስ ባሕር ዳር በገልባጭ መኪና ትሞላለች። ከዘንዘልማ እስከ ሰባታሚት ገረጋንቲ፣ ማለትም የመሙያ አፈር፣ የጫነ ሲኖ ይመላለሳል፤ ሰው ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ መሬቱን ደልድሎ መሠረት ለማውጣት ይሯሯጣል። እኔ በቅየሳና በሳይት ክትትል ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ። ሐምሌ ላይ ስልኬ ሲጮህ ግን ወሬው ስለ ቤቱ አይደለም፤ "ግንቡ ተገፋ"፣ "ጎረቤት ከሰሰን"፣ "መጥተው ሥራውን አስቆሙት" ነው። ነገሩን ወደ ኋላ ስከተለው ብዙ ጊዜ የማገኘው ከመጀመሪያው ድንጋይ በፊት የተሠራ ጥፋት ነው። ቀድመው ቢታወቁ ገንዘብም ጉርብትናም የሚያተርፉትን እነሆ።

ፈቃድ የሚያስፈልገው ለቤቱ ብቻ ይመስለናል

"ግንባታ አልጀመርኩም፣ መሬቱን እያስተካከልኩ ነው" የሚለው ቃል ብዙ ሰው አስቀጥቷል። ለረጅም ጊዜ የሠራንበት የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሥራውን ቅደም ተከተል አስቀምጦታል፦ መጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ፣ ከዚያ ሥራ። ቁፋሮንም ዝም ብሎ አላለፈውም። የሚቆፍረው ሰው የአጎራባቹን ንብረትና በአካባቢው ያለፈውን የአገልግሎት መስመር ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የሊዝ ውል በተፈረመ ማግስት ኤክስካቫተር ተከራይቶ መግባት፣ ፈቃዱን ሳይዙ ኃላፊነቱን ብቻ መሸከም ነው።

ወደ ክፍለ ከተማው ስትሄዱ ካርታችሁንና ውላችሁን ብቻ አትያዙ። የቦታችሁን የከፍታ ልዩነት፣ የት እንደሚቆረጥና የት እንደሚሞላ፣ የዝናቡ ውሃ በየት በኩል ወጥቶ የት ቦይ እንደሚገባ የሚያሳይ ንድፍ ያዙ። አንድ ገጽ ይበቃል። ፈቃዱን የሚሰጠው የሕንፃ ሹም ቢሮ የትኛውን ሰነድ ለየትኛው የሕንፃ ምድብ እንደሚጠይቅ በዚያው አረጋግጡ፤ ባለ አንድ ወለል መኖሪያና ከ12 ሜትር በላይ የሚቆም ሕንፃ እኩል አይስተናገዱም። ሕግ ስለሚሻሻልም ጎረቤት አምና ያስገባውን ወረቀት አይታችሁ አትሂዱ፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን ጠይቁ።

ዜሮውን ከጎረቤት በላይ መስቀል

ዜሮ የምንለው ሌላው ከፍታ ሁሉ የሚለካበትን የግቢውንና የቤቱን መነሻ ከፍታ ነው። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ በከተማችን ብዙ ጉርብትና ያፈረሰው ይኸው ነውና።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ተዳፋት በሆነ ከተማ ውሃ መንገዱን ለራሱ ያገኛል፤ እዚህ ግን የ20 ሳንቲ ሜትር ሙሌት አቅጣጫውን ይለውጠዋል። አንዱ "ውሃ እንዳይገባብኝ" ብሎ ግቢውን 50 ሳንቲ ሜትር ያነሳል፣ የቀጠለው 70 ያነሳል፣ ሦስተኛው አንድ ሜትር ይሞላል። ከሃያ ዓመት በፊት የሠሩት ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ይቀራሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 10,000 ሊትር፣ ማለትም አሥር ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ግቢው ሣርና አፈር እያለ ከዚህ የተወሰነው ይሰርጋል። ግቢውን በኮንክሪት ለብጠን ጣሪያውን በቆርቆሮ ስንሸፍነው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል። የባሕር ዳር ዝናብ ደግሞ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሆኖ፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቅልሎ የሚወርድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወጣት ባለይዞታ ከፍታ ሰጥቼ ነበር። የመንገዱን ከፍታ ወሰድኩ፣ የእሱን ቦታ ወሰድኩ፣ ሙሌቱን አሰላሁ፤ የጎረቤትን ግቢ ግን አልለካሁም። ሐምሌ ላይ ጠርተውኝ ስደርስ ጎረቤቲቱ፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ጉልበታቸው ድረስ በጭቃ ተነክረው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"ልጄ፣ እኔ እዚህ ሠላሳ ክረምት ከርሜአለሁ። ውሃ ደጄን ረግጦት አያውቅም" አሉት።

"እማማ፣ እኔ እኮ በራሴ ይዞታ ላይ ነው የሞላሁት።"

"አፈሩስ ያንተ ነው፤ ውሃው ግን እኔ ቤት ነው የገባው።"

በውሃ የተሞላ ቱቦ ዘርግተን ለካነው። የእርሳቸው ግቢ ከመንገዱ ቦይ ወለል በ34 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። የድሮው መውጫ በወጣቱ ቦታ ሥር ያልፍ ነበር፤ እኛ በገረጋንቲ ደፍነነዋል። መፍትሔው በወሰኑ በኩል ቦይ ቆፍሮ፣ ውሃውን ዝቅ ወዳለው የኋላ መንገድ በቱቦ ማውጣት ሆነ። የተጠቀጠቀ ሙሌት እንደገና ተቆፈረ፣ አጥር ተነሣ፣ ሁለት ወር ሥራ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግራና ከቀኝ፣ ከኋላም ቢያንስ ሦስት ሦስት ነጥብ ሳልለካ ዜሮ አልሰጥም።

ሕጉም ከእናቲቱ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለመሬት በመሬቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከሚያውክና ከሚጎዳ ተግባር እንዲቆጠብ ያዛል። "በይዞታዬ ላይ" የሚለው መልስ ፍርድ ቤት ሩቅ አያስኬድም።

ዋልካን እንደ ቀይ አፈር መቁጠር

ቀይ አፈር ላይ የሠራ ግንበኛ ዋልካ ላይ ሲመጣ ይሳሳታል። ዋልካ የምንለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መጋቢት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያየንበት መሬት ነሐሴ ላይ ተዘግቶ ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ላይ ገረጋንቲ ደፍቶ፣ በላዩ ሲኖ አመላልሶ "ተጠቀጠቀ" ማለት ራስን ማታለል ነው። ሥራውን በትክክል የሚሠራ ሰው ዋልካውን መሐንዲሱ በወሰነው ጥልቀት ያስወጣል፤ ከዚያ ሙሌቱን 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ንብርብር እየዘረጋ፣ እያረጠበ፣ እየጠቀጠቀ ያነሣል። አንድ ሜትር ሙሌት በአንድ ጊዜ ደፍቶ ከላይ ሮለር ማስኬድ ላዩን ብቻ ነው የሚያጠነክረው።

የአፈር ምርመራ ብር ማባከን የሚመስላቸው ደንበኞች አሉ። ግድግዳ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚወጣውን ብር ያየ ግን እንደዚያ አይልም።

የተቆፈረውን አፈር ቦይ ዳር መቆለል

አንድ ሲኖ 16 ሜትር ኩብ ያህል ይጭናል። ያ ቁልል ቦይ አፍ ላይ አንድ ሌሊት ካደረ፣ የመጀመሪያው ዶፍ ግማሹን ይዞት ይሄዳል፤ ሰፈሩ በማግስቱ መንገድ ላይ ውሃ ሲያቋርጥ ይውላል። የቀረው ጭቃ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢያልፍም ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ የሚያመጡት ደለል ይበቃዋል። ከአፈሩ ጋር አብሮ የሚገባው ንጥረ ነገር ደግሞ ለእምቦጭ ቀለብ ነው። ስለዚህ የአፈሩ መድፊያ ቦታ ቁፋሮው ሳይጀመር ይታወቅ፤ ማደሩ ግድ ከሆነም ሸራ ይልበስ፣ በዙሪያው በአፈር የተሞላ ጆንያ ይደርደርበት።

የሐይቁን ዳር በሰኔ መለካት

ጣና ዳር ሎጅ፣ መዝናኛ ወይም የአትክልት ቦታ ለማልማት የሚመጡ ሰዎች ቦታውን የሚያዩት በበጋ ነው። ሐይቁ ዝቅ የሚለው ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ሲሆን፣ የሚሞላው ክረምቱ አልፎ በመስከረም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በተለመደ ዓመት አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ይደርሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን መሬቱ በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ውሃው 150 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። በሰኔ ደረቅ ሆኖ ያያችሁት ሣር በመስከረም ዓሣ የሚዋኝበት ሊሆን ይችላል። የዓባይን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ በመኖሩም፣ የሐይቁ ከፍታ የሰማዩን ዝናብ ብቻ አይከተልም። ዳር ያደጉ ሽማግሌዎችን፣ በተለይ ታንኳ የሚቀዝፉትን ጠይቁ፤ ውሃው እስከየትኛው ዛፍ እንደሚደርስ በጣታቸው ያሳዩአችኋል።

ከዚህ የሚከፋው ደንገሉን ነቅሎ ዳሩን በአፈር መሙላት ነው። ደንገል ከየብስ የሚመጣውን ጭቃ ያጣራል፣ የማዕበሉን ጉልበት ይሰብራል፣ የዓሣ መራቢያ ነው። እርሱን ነቅለን ስንሞላ ማዕበሉ ያንኑ ሙሌት ይበላዋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚጠየቅበት ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ከልክሏል። የግምገማው ይሁንታ ሳይኖር በመሬት አስተዳደር ወረቀት ብቻ ዶዘር ማስገባት ያወጣችሁትን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ያስቆመዋል። እኔ ቆሞ የቀረ ግንብ ዳር ላይ አይቻለሁ፤ ባለቤቱም ተጎዳ፣ ደንገሉም አልተመለሰም።

አረንጓዴ ደብተር ላይ ዶዘር ማስገባት

ከከተማው ወጣ ባሉ ቀበሌዎች ከገበሬ "ገዝቻለሁ" ብሎ የእርሻ መሬት መደልደል አለ። አረንጓዴው ደብተር፣ ማለትም የገጠር ይዞታ ማረጋገጫ፣ የሚሰጠው የመጠቀም መብት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ለዚህ ዓይነት ድልዳሎ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አታገኙም። ሲፈርስም ካሣ የለውም።

የሌላ አገር እርከን መቅዳት

አርሶ አደር ለሆናችሁ፣ ወይም ኮረብታ ላይ ፍራፍሬ ለምትተክሉ፦ ዝናብ አጠር በሆነ አገር የሚሠራው ፍጹም አግድም እርከን ውሃ ለማቆር የታሰበ ነው። የእኛ ችግር ደግሞ የውሃ ብዛት ነው። ጣና ዙሪያ በዋልካ ላይ እንደዚያ ብትሠሩ ውሃው ተኝቶ ሰብሉን ያፍነዋል፤ ሲሞላም በአንድ ደካማ ቦታ ሰብሮ ቦረቦር ይከፍታል። እዚህ እርከኑ እስከ አንድ በመቶ የሚደርስ ለስላሳ ዘንበል ተሰጥቶት፣ ውሃውን ሣር ወደለበሰ መውረጃ ቦይ ማድረስ አለበት። መውረጃው ቀድሞ ተሠርቶ ሣር ሲይዝ ነው እርከኑ የሚከተለው። አያቶቻችን በማረሻ የሚያወጡት ፈሰስም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ስህተት የሚሆነው ቁልቁል ሲወጣና መጨረሻው የሌላ ሰው ማሳ ሲሆን ነው።

ተዳፋቱንም ለኩ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ31 እስከ 60 በመቶ በሚያዘቀዝቅ መሬት ላይ ዓመታዊ ሰብል የፈቀደው ደረጃ እርከን ሲሠራ ብቻ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሆነውን ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ትቶት ነበር። በዓይን ሲታይ ቀላል የሚመስል ጎን ሲለካ ከ30 የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ግንቡን መተንፈሻ መንሳት

አፈር የሚደግፍ ግንብ አፈሩን ይችላል፤ ከጀርባው የተጠራቀመ ውሃ ሲጨመርበት ነው የሚሸነፈው። ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ይሞላ፣ በየሁለት ሜትሩ ገደማ ቱቦ ይውጣለት። ቱቦውን ግንበኛው በሲሚንቶ ደፍኖት እንዳይሆን በእጃችሁ ፈትሹ። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ለሚቆም ግንብ መሐንዲስ ይቀጠር፤ በዓይን ግምት አይሠራም።

አፈሩን ራቁቱን ለክረምት መተው

ድልዳሎን በኅዳር ጀምሮ በየካቲት መጨረስ ይቻላል። እኛ ግን ወረቀቱን ሚያዝያ ላይ እናስገባለን፣ ፈቃዱ በሰኔ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ቸኩለን እንቆፍራለን። ፈቃዳችሁ ከዘገየ ከቻላችሁ ቁፋሮውን ለመስከረም አሻግሩት። ካልቻላችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትግለጡት፤ የምትሠሩበትን ብቻ ግለጡ። የተቆረጠው ጎን ላይ ዝናቡ እንደጀመረ ቬቲቨር ወይም ደሾ ሣር በጠባብ ርቀት በአግድሙ ትከሉ፤ ሥሩ እስኪይዝ ገለባ አልብሱት።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቤት አትቀመጡ። ጃንጥላ ይዛችሁ ወደ ሳይታችሁ ሂዱና ውሃው ከግቢያችሁ በየት ወጥቶ የማን ደጅ እንደሚደርስ እስከ ቦዩ ድረስ ተከተሉት። ቀለሙንም እዩ፤ ቡና መስሎ የሚወርድ ከሆነ አፈራችሁ እየሄደ ነው፣ በዚያው ቀን በጆንያም በድንጋይም ክትር አድርጉበት። በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ለመሐንዲሱም፣ ለሕንፃ ሹሙም፣ ለጎረቤትም የምታሳዩት እርሱን ነው።