ከውርጩ በፊት፦ የመኸር ጓሮ ችግርና መፍትሄ ለሰሜን ሸዋ ደጋ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እንደ እሷ ባለ ከፍታ ላይ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቀን የሞቀው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ያጣል፤ ከጥቅምት ጀምሮም ጓሮው ላይ ውርጭ ያድራል። ስለዚህ የደጋ ጓሮ የመኸር ሥራ ሁሉ የሚለካው የመጀመሪያው ውርጭ በሚያድርበት ቀን ነው፦ ከውርጩ በፊት ምን ይነቀል፣ ምን ይቆይ? ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ያላችሁ የቆላ ሰዎች የውርጩን ነገር ዝለሉት፤ ሌላው ይመለከታችኋል።

የድንቹ ቅጠል ጠቁሯል

ብዙ ሰው «ውርጭ መታው» ብሎ ያልፈዋል። መጀመሪያ ግን ለዩት። በአንድ ሌሊት ከላይ ያለው ቅጠል ሁሉ አንድ ላይ ከጠቆረ፣ በተለይም ረባዳው በኩል ከባሰ፣ አዎ ውርጭ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይወርዳልና። ገና በነሐሴና በመስከረም ጉም ሲመላለስ ከቅጠሉ ጠርዝ ተነሥቶ የፈላ ውሃ የነካው መስሎ የሚሰፋ ጥቁረት ከሆነ፣ ማለዳም ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሽበት ከታየ፣ እሱ የድንች በሽታ ነው።

ውርጭ የመታው ድንች ከአፈር በታች ደኅና ነው። ቅጠሉ ከሞተ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆፍሩት። በሽታ ከሆነ ግን ግንዱን ከሥሩ አጭዳችሁ ከጓሮው አውጡ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ፣ አፈሩ ደረቅ በሆነበት ቀን ቆፍሩ፤ ቸኩላችሁ ካወጣችሁት ከቅጠሉ የሚረግፈው በሽታ ድንቹ ላይ ያርፍና ጎተራ ውስጥ ይበሰብሳል። ለከርሞ ደግሞ ዘሩን ቀይሩ። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔና በለጠ ከአገሬው ዘር በተሻለ ይቋቋሙታል።

ጎመን ውርጭ አይፈራም፣ ካሮትም አፈር ውስጥ ሆኖ ይችለዋል፤ እነሱን ለመንቀል አትጣደፉ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ ግን አንድ ሌሊት አይችሉም። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ምሽት ጭድ ወይም ጆንያ አልብሷቸው፣ ፀሐይ ሲወጣ ግለጡላቸው። ቀትር ላይ አፈሩን ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል።

ድንቹ ሲነካ ልጣጩ ይፋቃል፣ ወይም አረንጓዴ ሆኗል

የመጀመሪያው ሳይደርስ ስለተቆፈረ ነው፤ መፍትሄው ከላይ ያለው የሁለት ሳምንት ጥበቃ ነው። አረንጓዴው ብርሃን ያገኘው ነው። ይመራል፣ መርዝም አለው፣ ቢቀቀልም አይለቅም። አትብሉት፣ ለልጆችም አታቅርቡት፤ ለዘር አስቀምጡት። የሚበላውን ጨለማና አየር ባለበት ቦታ አኑሩ።

ነጭ ሽንኩርቱ ተነቅሎ ራሱ ተበትኗል

ቆይቷል። ቅጠሉ ግማሽ ያህል ቢጫ ሲሆንና አንገቱ ሲለሰልስ መውጣት ነበረበት። ፍልቃቂዎቹ ከተለያዩ አይቆይምና ቶሎ ብሉት።

የነጭ ሽንኩርቱ ቅጠል ያለጊዜው ቢጫ ሆኗል፣ ሲጎትቱት በቀላሉ ይነቀላል

ይህን በጥሞና አንብቡልኝ። ሥሩን እዩት። ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ፣ በላዩም ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ነጭ ብስባሽ የሚባለው የሽንኩርት በሽታ ነው። እነዚያ ጥቁር ቅንጣቶች ሽንኩርት ሳያገኙ አፈር ውስጥ 20 ዓመት ሊኖሩ ይችላሉ። እኔ ከገበያ በገዛሁት ዘር አንድ መደብ በሙሉ አጥቻለሁ፤ እስከ ዛሬ እዚያ መደብ ላይ ነጭም ቀይም ሽንኩርት አልተከልሁም።

ማዳኛ የለውም፣ ማገጃ ግን አለው። የታመመውን ከነአፈሩ በአካፋ አውጥታችሁ አቃጥሉ፤ ብስባሽ ማዘጋጃ ጉድጓድ ውስጥ ፈጽሞ አትጣሉት። ዶማችሁንና ጫማችሁን ሳታጥቡ ወደ ሌላው መደብ አትግቡ። በዚያ መደብ ድንች፣ ባቄላ ወይም ጎመን ዝሩ። ለዘር የምትገዙትን ነጭ ሽንኩርት ሥሩን ገልብጣችሁ እዩ፤ ሻጩ ቢቆጣም እዩ።

ደኅናውን ከነቅጠሉ አስራችሁ ጥላና ነፋስ ባለበት 2 ሳምንት ስቀሉት።

ካሮቱ ቅርንጫፍ አውጥቷል፣ ጎመኑ ተሰንጥቋል

ካሮት የሚከፋፈለው ድንጋይ ሲገጥመው ወይም ትኩስ ፍግ ሲያገኝ ነው፤ ለካሮት ፍጉ የአምና ይሁን። ጥቅል ጎመን የሚሰነጠቀው ደርሶ ሳለ ድንገት ብዙ ውሃ ሲጠጣ ነው። ጠንክሮ ከተጠቀለለ ቁረጡት፤ ለጥቂት ቀን ማቆየት ከፈለጋችሁ በእጃችሁ ትንሽ ጠምዝዛችሁ ከሥሩ ግማሹን በጥሱለት።

የጎመኑ ቅጠል ተኮማትሯል

ገልብጡት፤ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ይበዛል። በጣት ጨፍልቁት፣ በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ የባሰበትን ቅጠል ለዶሮ ስጡ።

መደቡ ባዶ ሆኗል፣ አፈሩም ደክሟል

እኛ ዘንድ ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ስለሚያልቅ ጓሮው ይራባል። ጤነኛውን ቅጠልና አረም ከአመድ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ደርድሩና አልብሱት። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊ ሲያቃጥል ብዙ ጓሮ ይህን ሀብት አብሮ ያነዳል። እሳቱ ውስጥ የሚገባው የታመመው የድንች ግንድና የሽንኩርት ቅሪት ብቻ ይሁን፤ እሱንም እስከዚያ ጆንያ ውስጥ አስራችሁ፣ ከመደቡ አርቃችሁ አቆዩት።