መስኮቱን ከመቀባታችሁ በፊት ጣራውን እዩ

ሰዎች ቤታቸውን ለማስቀባት ሲጠሩኝ ብዙ ጊዜ የቀለም ካርድ ዘርግተው ይጠብቁኛል። እኔ ካርዱን ከማየቴ በፊት ከግቢው ወጥቼ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ቤቱን ፊት ለፊት ቆሜ አየዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በርና መስኮት መቀባት ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከካርድ ብቻ ተመርጦ ያማረ ቤት ያየሁት ጥቂት ነው።

ምርጫው የሚጀምረው ከማይለወጠው ነገር ነው። ግድግዳ በሦስት ቀን ይቀየራል፤ ጣራ ግን አንዴ ከተመታ ለብዙ ዓመት እዚያው ነው። ቆርቆሮው ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ መስኮቱ ላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቡናማ ወይም ክሬም ያምራል፤ ደማቅ ሰማያዊ ግን ከቀይ ጣራ ሥር ሁልጊዜ ይጣላል። ሰማያዊ ቆርቆሮ ነጭና ግራጫ ይወዳል። ቀለም የሌለው ቆርቆሮ ዛሬ ብርማ ስለሆነ ሁሉም ነገር የሚሄድለት ይመስላል፤ ዝገት ሲይዘው ግን ወደ ቡናማ ስለሚያደላ ከወዲሁ ለዚያ ቀለም የሚስማማውን ምረጡ። ከጣራው ቀጥሎ ድንጋዩን እዩ። የቤቱ መሠረት በአምቦ ድንጋይ ከተለበጠ ቀላና ቢጫ ቅልም አለው፤ ከእሱ አጠገብ ቀዝቃዛ ግራጫ መስኮት የታመመ ይመስላል። በጥቁር ድንጋይ ላይ ግን ያው ግራጫ ይከበራል። ከመስኮቶቹ አንዳንዶቹ አሉሚኒየም ከሆኑ ደግሞ ነገሩ አልቋል፤ የቀሩት የብረት በርና መስኮቶች የአሉሚኒየሙን ቀለም ይከተላሉ።

አሁን ካርዱን ማየት ይቻላል፤ ግን አትመኑት። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንድ የውጭ በር ቡናማ እንድቀባ ታዝዤ፣ ቀለሙን ሱቅ ውስጥ በአምፖል ብርሃን መርጬ ገዛሁ። በማግሥቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ወይን ጠጅ ሆኖ አገኘሁት። ሱቁም ቀለሙም አልተሳሳቱም፤ ሁለት የተለያየ ብርሃን አንድን ቀለም ሁለት እንደሚያደርገው አላወቅሁም ነበር። በሩን በራሴ ገንዘብ ደግሜ ቀባሁት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የማደርገው ይህን ነው፦ ሁለት ወይም ሦስት የክንድ ርዝመት ያላቸው የላሜራ ቁራጮች አስቆርጬ፣ ከምንመርጣቸው ቀለሞች ትንሿን ጣሳ ገዝቼ፣ ሁለት ሁለት እጅ እቀባቸዋለሁ። ሁለት እጅ ካልሆነ እውነተኛው ቀለም አይወጣም። ሲደርቁ መስኮቱ ደፍ ላይ አቆማቸውና ባለቤቶቹ ቀኑን ሙሉ እንዲያዩአቸው እለምናለሁ።

ጉለሌ አንድ ቤት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ጣራው ቀይ ነው፣ ግድግዳው ክሬም። ልጆቹ ውሃ ሰማያዊ መርጠዋል። ላሜራዎቹን፣ አንዱን ውሃ ሰማያዊ ሌላውን ጥቁር አረንጓዴ አድርጌ፣ በረንዳው ላይ አቆምኳቸው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሰማያዊው እውነትም ያምር ነበር፤ ሁሉም ተስማሙ። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ብርሃኑ ቢጫ ሆነ፣ የበረንዳው ቀይ ወለልም ወደ ላይ አንጸባረቀ። ሰማያዊው ደፈረሰና እንደ አመድ ሆነ። የቤቱ እናት ወንበራቸውን አስጠግተው ትንሽ አዩትና፣ «ልጄ፣ ይህ ቀለም ብርድ ብርድ ይለኛል» አሉኝ። አረንጓዴው ግን ጥቁረቱን እንደያዘ ነበር። «እማማ፣ እርስዎ በዚህ ሰዓት ነው በረንዳው ላይ የሚቀመጡት?» ስላቸው፣ «ሁልጊዜ» አሉ። በቃ፤ በእሳቸው ሰዓት የሚያምረው ተቀባ።

ለአንድ ግቢ ሦስት ቀለም ይበቃል፦ ለግድግዳው አንድ፣ ለመስኮቱና ለብረቱ ሁሉ አንድ፣ ለዋናው በር አንድ። ግድግዳው ደማቅ ከሆነ በሩ ይረጋጋ። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሄደ ሰው ይህን አይቷል፤ ሮዝ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በተቀቡት ግድግዳዎች መካከል የቆየው የእንጨት በር ብዙ ጊዜ ጠቆር ብሎ ዝም ይላል። ግድግዳው ክሬም ወይም ነጭ ከሆነ ደግሞ ዋናው በር ቢደምቅ መብቱ ነው። መስኮቱ ትንሽ ከሆነና ሰፋ ብሎ እንዲታይ ከፈለጋችሁ መቃኑን ለግድግዳው በሚቀርብ ቀለም ቀቡት፤ ጠቆር ያለ መቃን ዙሪያውን ስለሚያጥረው መስኮቱን ያጠብበዋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የብረት ፍርግርጉን ነው። ቀን ላይ ከውጭ ስትመለከቱ የመስኮት መስታወት ጥቁር መሆኑን አስተውላችኋል? ነጭ ፍርግርግ በዚያ ጥቁር ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ቤቱም እስር ቤት ይመስላል። ጥቁር ወይም በጣም ጠቆር ያለ ቡናማ ፍርግርግ ግን መስታወቱ ውስጥ ይጠፋል። «ውስጡን ያጨልምብናል» የሚሉኝ አሉ። አያጨልምም፤ ከውስጥ ወደ ብርሃን ስታዩ ነጭ የተቀባውም ብረት ጥቁር መስሎ ነው የሚታየው።

የበሩ ውስጥና ውጭ የተለያየ ቀለም ሲሆን ቀለሞቹ የት ይገናኙ የሚለው ብዙ ቤት ላይ ይበላሻል። መልሱ የመዝጊያው ጠርዝ ላይ ነው። በሩ ወደ ክፍሉ የሚከፈት ከሆነ በቁልፉ በኩል ያለው ጠርዝ የክፍሉን ቀለም ይይዛል፤ በማጠፊያው በኩል ያለው ጠርዝ የውጩን። በሩን ገርበብ አድርጋችሁ አንዴ ከውስጥ አንዴ ከውጭ ቁሙና የሚታያችሁን ጠርዝ እዩ፤ ወዲያውኑ ይገባችኋል።

የግቢ በር ሌላ ፈተና አለው። ላሜራ ሲበየድ ይሞቃል፣ ይሸበሸባል፤ በጣም የሚያንጸባርቅ ጥቁር ቀለም ደግሞ እያንዳንዱን ሽብሻብ ያወጣዋል። ከፊል አንጸባራቂ የዘይት ቀለም ይሸፍነዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፤ ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ከሌሎቹ ፈጥነው ይነጣሉ። ከአፈርና ከብረት ዝገት የሚሠሩት ቡናማ፣ የሸክላ ቀይና ቢጫማ አፈር ዓይነቶች ግን ይቆያሉ። ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ላለ በር ነጭ የዘይት ቀለም አልመክርም፤ ብርሃን ካላገኘ ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። ቀድሞውኑ ክሬም ቀቡት።

የታችኛው ቀለምም ከምርጫው ይቆጠራል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ከተፋቀ በኋላ ዝገት የሚከላከለው የታች ቀለም፣ አንቲረስት፣ ሲቀባ፣ ለነጭ፣ ለክሬምና ለቢጫ ግራጫውን አንቲረስት ውሰዱ፤ ቀዩ ከሥር እየታየ ሦስተኛና አራተኛ እጅ ያስከፍላችኋል። ለቡናማና ለሸክላ ቀይ ቀዩ ይጠቅማል። የቆየ ቀለም ስትፍቁ ደግሞ የብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያስነካችሁ ፍቁ፣ ልጆችን አርቁ። በአሮጌ የዘይት ቀለም ውስጥ፣ በተለይ በቢጫና በቀይ፣ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ ደረቁን ሲፋቅ አቧራው ይተነፈሳል። ይህንን ለማንም ደንበኛ ሳልናገር አላልፍም።

ክረምት ላይ የውጭ ብረት አልቀባም። መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቄ ከ4 ሰዓት በፊት አልጀምርም፤ ማታ እርጥበት ሳይወርድበት እንዲይዝም በጊዜ አቆማለሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር የዘይት ቀለም በአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 3 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር የሆነ የግቢ በር ሁለቱ ፊቱ 14 ካሬ ነው፤ በሁለት እጅ 28፤ ስለዚህ 3 ሊትር ግዙ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙና ከመጀመራችሁ በፊት ትልቅ ባልዲ ውስጥ አንድ ላይ አማስሉት፤ ከተለያየ ምርት የመጡ ሁለት ጣሳዎች ቁጥራቸው አንድ ሆኖ እንኳ ቀለማቸው ሊለያይ ይችላል። የተረፈውን በትንሽ ጣሳ ገልብጣችሁ ጎኑ ላይ የቀለሙን ቁጥር፣ የተቀባውን በርና ቀኑን ጻፉ። ክዳኑን አጥብቃችሁ ጣሳውን በአፉ ደፍታችሁ አስቀምጡት፤ አየር ስለማይገባው ከዓመት በኋላ የተጫረውን መቃን ለመንካት ስትከፍቱት ቀለሙ ቆዳ ሳይሠራ ይጠብቃችኋል።