ከአዲስ አበባ ሰርፍ ለመማር ስትወጡ ኪሳችሁን የሚያራቁቱ ስህተቶች

ስታዲየም አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ወሬው ዞሮ ዞሮ ባሕር ላይ፣ ቦርድ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት ላይ ይደርሳል። «ሰርፊንግ የሀብታም ጨዋታ አይደለም እንዴ?» ይሉኛል ጓደኞቼ። አይደለም። ውድ የሚያደርጉት ስህተቶቻችን ናቸው። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቴ ወደ ኬንያ ጠረፍ፣ አንዴ ወደ ኬፕታውን። በትኬት ዋጋ ከሁሉም የረከሰው የመጀመሪያው ጉዞዬ ነበር። በዚያ ጉዞ በሰባት ቀን ውስጥ አንድም ጊዜ ቦርድ ላይ አልቆምኩም። ከዚያ ወዲህ ጉዞ ውድ ይሁን ርካሽ የማውቀው ጠቅላላ ወጪውን ማዕበል ላይ ባሳለፍኩት ሰዓት አካፍዬ ነው። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች በሙሉ ያንን ሰዓት የሚበሉ ናቸው።

ባሕር ካለ ማዕበል አለ ብሎ መነሳት

የእኔ ስህተት ይሄ ነበር። ደጋ ላይ ስላደግን ባሕር ሁሉ አንድ ይመስለናል። ጥር ላይ በኬንያ ጠረፍ ወዳለችው ዲያኒ ሄድኩ። ነጭ አሸዋ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ የሚያምር ቦታ ነው። ግን ከባሕሩ ዳር ራቅ ብሎ የኮራል ድንጋይ እንደ አጥር ተዘርግቷል። ማዕበሉ እዚያ ተሰብሮ ይቀራል። ወደ ዳር የሚደርሰው ውሃ እንደ ሐይቅ የረጋ ነው። ልጆች ይዞ ለመዋኘት ግሩም ነው፣ ለሰርፍ ግን አይሆንም።

ዛንዚባር ፓጄም እንዲሁ ነው። ፎቶው ላይ የምታዩት በትልቅ ካይት (ነፋስ በሚወጥረው ጨርቅ) የሚጎተት ሰው ካይትሰርፊንግ ላይ ነው። የሚጠቀመው ነፋስ እንጂ ማዕበል አይደለም። ዕቃውም ትምህርቱም ሌላ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ጅቡቲ በባቡር ይደረሳል፣ ከሁሉም ቅርብ ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ግን በየብስ የተከበበ ስለሆነ የውቅያኖስ ማዕበል አያገኘውም። ጅቡቲ የሚኬደው በፈረንጆቹ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ነው። ይሄኛው ሌላ ደስታ ነው።

ታዲያ የት ይኬድ? ሰርፍ ከሚማሩባቸው ቦታዎች ለእኛ የሚቀርበው የኬንያው ማሊንዲ ነው። እዚያ የኮራሉ አጥር ክፍት ስለሆነ ማዕበል ወደ ዳር ይገባል። መካከለኛና ለጀማሪ የሚሆን ነው። ቦርድ የሚያከራዩና የሚያስተምሩ ልጆች ግን ብዙ አይደሉም፣ አስቀድማችሁ ደውሉ። ከእሱ ቀጥሎ ኬፕታውን ውስጥ ሙይዘንበርግ የሚባለው የባሕር ዳርቻ አለ። ረጅምና ዝግ ብሎ የሚሰበር ማዕበል ስላለው ብዙ ሰው የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚወስደው እዚያ ነው። የሴኔጋሏ ዳካርም አለችላችሁ። ከተማዋ ወደ አትላንቲክ በወጣ ምድር ላይ ስላለች ማዕበል ከሰሜንም ከደቡብም ያገኛታል። ትኬቱ ግን ይከብዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክረውም።

ወቅቱን በበዓል መምረጥ

ብዙዎቻችን ለገና እና ለጥምቀት ሰሞን እንወጣለን። በኬንያ ጠረፍ ያ ጊዜ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ጊዜ ነው። ማሊንዲ የምትፈልጉት ኩሲን ነው፣ የደቡብ ምሥራቁን። ኩሲ በርትቶ ማዕበል የሚያመጣው በፈረንጆቹ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። በዚያ ላይ የፈረንጅ ገና ሰሞን ሆቴሉ ሁሉ ይወደዳል። ማዕበል በሌለበት ጊዜ ከፍተኛውን ዋጋ መክፈል ማለት ነው።

የሚያስደስተው ነገር የእኛ ክረምት ከሰርፍ ወቅት ጋር መግጠሙ ነው። አዲስ አበባ በዝናብ ስትጨቀይ ማሊንዲ ማዕበል አላት። ኬፕታውንም ያኔ ክረምቷ ነው፤ ትልልቁ ማዕበል ከደቡብ የሚመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የዓመት ፈቃድም ብዙ ሰው የሚወስደው ያኔ ነው። ይሄን ዕድል አታባክኑት።

የቀንና የሰዓት አቆጣጠር

ይሄ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ ገንዘብ በልቷል። አንድ ጓደኛዬ ፈቃዱን ከነሐሴ 10 ጀምሮ ጠየቀ፣ ማረፊያውን ደግሞ ኦገስት 10 ብሎ ያዘ። ነሐሴ 10 ኦገስት 16 ነው። የስድስት ሌሊት ክፍያ ሄደ። ትኬት ላይ ደግሞ 00:40 የሚል በረራ ካያችሁ ቦሌ መድረስ ያለባችሁ ከዚያ ቀን በፊት ባለው ምሽት ነው። 02:30 ማለትም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው።

ማሊንዲ ስደርስ የገረመኝ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ መሆኑ ነው። «ሳአ ሞጃ አሱቡሂ» ካሉ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፣ ልክ እንደኛ። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ሰባት ይለዋል። ከአሰልጣኙ ጋር ስትቀጣጠሩ በየትኛው ቋንቋ እንዳወራችሁ አስታውሱ። የጠዋት ሰዓት ማጣት ትልቅ ኪሳራ ነው። ነፋሱ ረፋድ ላይ ይነሳና ውሃውን ያዘበራርቀዋል።

ትንበያ ሳያነቡ መሄድ

የማዕበል ትንበያ በስልክ በነፃ ይገኛል። ብዙ ቁጥር ስላለው ያስፈራል፣ ለጀማሪ ግን ሦስቱ ይበቃሉ።

አንደኛው ከፍታው ነው። ለመማር ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይበቃል። ሁለተኛው በአንዱና በሚቀጥለው ማዕበል መካከል ያለው ሰከንድ ነው። ሰው ሁሉ ከፍታውን ብቻ አይቶ ይሄኛውን ይዘለዋል። ስድስት ሰባት ሰከንድ ካለ ማዕበሉ እዚያው አቅራቢያ ነፋስ የፈጠረው ነው፤ የተዘበራረቀና ጉልበት የሌለው። ከ12 ሰከንድ በላይ ከሆነ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ተሰልፎ ይመጣል፣ ኃይልም አለው። ስለዚህ አንድ ሜትር በ6 ሰከንድ እና አንድ ሜትር በ14 ሰከንድ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ጀማሪን ይጥላል። ሦስተኛው የነፋሱ አቅጣጫ ነው። ከየብስ ወደ ባሕር ቀስ ብሎ ከነፈሰ ማዕበሉን ያስተካክለዋል።

የባሕሩን ሙላትና ጉድለትም እዩ። በኬንያ ጠረፍ በትልቁ ሙላትና በዝቅተኛው ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት አራት ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ በየቀኑም ወደ ሃምሳ ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ዛሬ በሁለት ሰዓት የሠራላችሁ ቦታ ከአምስት ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት አይሠራም።

ዋና ሳይችሉ መነሳት

እዚህ ላይ ከልቤ ነው የምናገረው። ዋና ሳትችሉ አትሂዱ። «ቦርዱ ያንሳፍፈኛል» የሚል ሰው አውቃለሁ። ቦርዱ ከእግር ጋር የሚታሰርበት ገመድ ሊበጠስ ይችላል። ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረትም አለ። ጅረቱ ከያዛችሁ ወደ ዳር ተጋፍታችሁ አትዋኙ፣ ትደክማላችሁ። ከባሕሩ ዳር ጋር ጎን ለጎን ዋኙ፣ ከጅረቱ ስትወጡ ወደ ዳር ተመለሱ። ይሄን ለማድረግ ያለ ቦርድ ቢያንስ 200 ሜትር ሳታርፉ መዋኘት መቻል አለባችሁ፤ ይሄ የእኔ መለኪያ ነው።

ዋና ደግሞ በብር የሚከፈል ነገር ነው። ባሕሩ ዳርቻ ደርሶ በዶላር ከመማር እዚሁ ሦስት ወር መለማመድ ይሻላል። መሃል ከተማ ውስጥ የሂልተን ገንዳ ከመሬት ስር በሚወጣ ፍል ውሃ የሚሞቅ ስለሆነ በብርዱም ወራት ይዋኝበታል። ለኪስ ይከብዳል የሚል ሌላ ገንዳ ይፈልግ። ላንጋኖ ለቅዳሜና እሁድ ጥሩ ነው። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ ከስር ያለው አይታይም፣ ያንን መልመድ ራሱ ፍርሃት ያስለቅቃል። ቤት ውስጥ ደግሞ ፍራሽ ላይ በደረታችሁ ተኝታችሁ በአንድ ጊዜ መነሳትን ተለማመዱ፣ በየቀኑ ሃያ ጊዜ። ትከሻችሁ ካልጠነከረ በሁለተኛው ቀን እጃችሁ ከፀጉር ማበጠሪያ በላይ አያነሳም።

ዶላሩን በማይገባው ቦታ ማጥፋት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ጉዞ ለደመወዝተኛ ከብዷል። ስለዚህ መመሪያዬ ቀላል ነው። በብር የሚከፈለውን ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ክፈሉ። ትኬት፣ ክትባት፣ መድኃኒት፣ የፀሐይ ቅባት፣ ዋና። ዶላሩን ለማረፊያ፣ ለቦርድ ኪራይና ለአሰልጣኝ አቆዩት። እኛ በቢሮ ስምንት ሆነን እቁብ ገብተን ነበር፣ ዕጣዬ ሲወጣ በዚያው ሳምንት ትኬቱን ገዛሁ። ባንኩ ዶላር የሚሸጥላችሁ ፓስፖርትና ትኬት፣ ቪዛ ለሚያስፈልገው አገር ደግሞ ቪዛ ስታቀርቡ ነው፤ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ጥቁር ገበያ አትግቡ። ሕገወጥ ነው፣ ሐሰተኛ ኖት ይዞ ሰው አገር መቅረትም አለ።

ናይሮቢ ድረስ ርካሽ ትኬት ካገኛችሁ ወደ ሞምባሳ የሚሄደው ባቡር ጥሩ ነው። ከዚያ ማሊንዲ በማታቱ (በሚኒባስ ታክሲ) ሁለት ሦስት ሰዓት ነው።

ቦርድ መግዛት

አትግዙ። ለጀማሪ የሚሆነው ስምንት ዘጠኝ ጫማ የሚረዝም፣ ላዩ ለስላሳ የሆነ ቦርድ ነው። በአውሮፕላን ማጓጓዙ፣ በታክሲ መጫኑ፣ አፓርታማ ደረጃ ላይ ማውጣቱ፣ ሁሉም ጣጣ ነው። ተከራዩ። ከሰውነት የሚጣበቅ ረጅም እጅጌ የስፖርት ልብስ ግን ያዙ፣ ከፀሐይም ከቦርዱ መፋቅም ያድናል። መርካቶ ሳልቫጅ ውስጥ ፈልጉ። ሙይዘንበርግ ውሃው ይበርዳል፣ እዚያ ወፍራሙን የውሃ ልብስ ከቦርዱ ጋር ተከራዩ።

ወረቀትና ጤና

ለኬንያ ቪዛ አንጠየቅም፣ የመግቢያ ሥርዓቱ ግን ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። ደቡብ አፍሪካ ቪዛ ይጠይቃል። ዛንዚባር ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለእንግዳ የ44 ዶላር የግዴታ መድን አስገብቷል፣ በጀታችሁ ላይ ጨምሩት። ቢጫ ካርድ ያስፈልጋችኋል፣ ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ነው። አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ስለዚህ የድሮውን አትጣሉ። ወባም አትርሱ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ወባን አያውቃትም፣ ሰውነቱም አልለመዳትም። ለጠረፉ የሚሆን መከላከያ ሐኪም ጠይቁ።

ርቆ ማደር፣ ጥቂት ቀን መቆየት

ርካሽ ክፍል ከባሕሩ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ርካሽ አይደለም። ጠዋትና ማታ ለቱክቱክ (ለባጃጅ) ትከፍላላችሁ፣ ንጋት ላይም ትዘገያላችሁ። ሙይዘንበርግ የባቡር ጣቢያው ከባሕሩ ጥግ ስለሆነ ከዚያ በእግር የሚደረስ ማደሪያ ፈልጉ። ስትገቡም ባንዲራውን እዩ። ከ2004 ጀምሮ ከተራራው ላይ ሻርክ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ሻርክ የተሳለበት ነጭ ባንዲራ ከተሰቀለና ሳይረን ከሰማችሁ ወዲያው ውጡ።

ቀኑን አታሳጥሩ። ትኬቱ ለሦስት ቀንም ለስምንት ቀንም ያው ነው። የመጀመሪያው ቀን በመድረስ ያልቃል፣ ሁለተኛው በመውደቅ። ሦስተኛው ቀን ነው ሰውነት የሚገባው። እኔ ማሊንዲ ላይ የተነሳሁት በአራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ቆይቼ ቢሆን ኖሮ ሳላየው ነበር የምመለሰው። ሦስት አራት ሆናችሁ ብትሄዱ ደግሞ የአሰልጣኙ ክፍያ ይከፋፈላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አሰልጣኝ ያዙ፣ ከዚያ ቦርድ ብቻ ተከራይታችሁ ተራ በተራ ግቡ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ከዳር ሆኖ ይመልከተው።