የዘር ጥናታችሁን ለውጭ መጽሔት ልትልኩ ነው? ዓመቱን እዩት

አዴትም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ በጤፍ ወይም በስንዴ ዘር ላይ የሠራችሁትን ጥናት ከመላካችሁ በፊት የምርት ዓመቱን እዩት። የመስክ መዝገባችን በእኛ አቆጣጠር ነው። ኅዳር 2016 የታጨደ ጤፍ በእነሱ 2023 ነው። ሳትቀይሩት ከላካችሁ ዘሩ 7 ዓመት አርጅቶ ቁጭ ይላል። በዘር ሳይንስ ደግሞ ዕድሜ ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ የዘሩን ታሪክ ጻፉ፦ ዝርያው፣ የተመረተበት ቦታ፣ ሲፈተሽ የነበረው እርጥበት፣ የትና በስንት ዲግሪ እንደተቀመጠ። «ከአካባቢው ገበያ የተገዛ» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዝርያ ይሁን ሌላ፣ ገምጋሚው በምን ያውቃል?

ብቅለት ላይ የዓለም አቀፉ የዘር ፍተሻ ማኅበር መደበኛ አሠራር 400 ዘር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቦታ፣ መቶ መቶ ተደርጎ። ከዚያ ካነሰባችሁ ምክንያቱን አስቀምጡ። የቆጠራችሁት ሥሩ ብቅ ያለውን ነው ወይስ ደህና ቡቃያ የሆነውን? ሁለቱ ለየቅል ናቸው፤ ስንቱ ጽሑፍ እዚህ ላይ ዝም ይላል መሰላችሁ!

የማጣቀሻ አጻጻፉን መጨረሻ ላይ አስተካክሉ። መጽሔት ከቀየራችሁ እንደገና መሥራታችሁ አይቀርም።