ወለላ ጠጪ ወፎችን ሐዋሳ ላይ ሲመለከቱና ወደ ግቢ ሲጋብዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሃሚንግበርድ ግቢያችን ገባ» ማለት። ሃሚንግበርድ የሚኖረው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው። ከሁሉም ትንሿ የኩባ ዝርያ ክብደቷ ወደ 2 ግራም ብቻ ነው፤ አየር ላይ ቆማ ትጠጣለች፣ ወደ ኋላም ትበራለች። ሐዋሳ ላይ ቆርች ወይም እሬት ሲያብብ የሚመጣው ወፍ ግን ሰንበርድ ከሚባል ሌላ ቤተሰብ ነው። መንቆሩ ቀጭንና ወደ ታች የታጠፈ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ አርፎ ነው የሚጠጣው። ሊመሽ ሲል አበባ ፊት አየር ላይ ቆሞ የሚርገበገብ ነገር ካዩ ደግሞ የእሳት እራት ሊሆን ይችላል፤ አንቴናውና የሚጠቀለለው መምጠጫው ይለየዋል።

ጥላ ውስጥ አይቶ «ጥቁር ነው» ብሎ መደምደም። የወንዱ አረንጓዴና ሐምራዊ ነጸብራቅ የሚታየው ብርሃን በላባው ላይ በትክክለኛው ማዕዘን ሲያርፍ ነው። ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመልከቱ። አሞራ ገደል አካባቢና የሐይቁ ዳር አትክልቶች ጥሩ ቦታ ናቸው። ሦስት ዓይነት ሊያዩ ይችላሉ። ደረቱ ደማቅ ቀይ፣ ቀሪው ሰውነቱ ጠቆር ያለ አንዱ ነው። ሆዱ ቢጫ ወይም ነጭ፣ ቁመቱ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሌላው። ሦስተኛው ከጭራው መሃል ሁለት ረጃጅም ላባዎች የወጡለት ነው፤ ይህኛው የመራቢያ ወቅቱ ሲያልፍ አብዛኛውን አንጸባራቂ ላባውን ጥሎ ሴቷን ይመስላል። ሴቶቹ ደብዘዝ ያሉ ግራጫማ ስለሆኑ ሌላ ዝርያ እየመሰሏቸው የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው።

ማር በጥብጦ ማቅረብ። በውሃ የተበጠበጠ ማር ቶሎ ይቦካል፣ ይሻግታል፤ ወፎቹንም ያሳምማል። ቀለምና ሰው ሠራሽ ማጣፈጫም አይጨመር። 1 ሲኒ ነጭ ስኳር በ4 ሲኒ ውሃ አፍልተው ያቀዝቅዙ። በሐዋሳ ሙቀት በየቀኑ ይቀይሩት፤ ዕቃውንም በሙቅ ውሃ ይጠቡ። ማረፊያ ዘንግ የሌለው መመገቢያ ለእነዚህ ወፎች አይመችም።

ከስኳር ውሃ ይልቅ ግን መትከልን አጥብቀን እንመክራለን። ራስ ክምር፣ እሬት፣ ቦታ ካለ ቆርች። ቅጠለ አበባው የተደራረበ ጌጠኛ ዝርያ አይምረጡ፤ ወለላው ጋ መድረስ ያስቸግራቸዋል።

ፀረ ተባይ መርጨትና የሸረሪት ድር ጠርጎ መጨረስ። ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ወለላ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ጫጩቶቹ የሚያድጉት በነፍሳትና በሸረሪት ነው። ሴቷም ሣሩንና ቃጫውን የምታያይዘው በሸረሪት ድር ነው፤ ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠል፣ በጎኑ በር ያለው ጎጆ ትሠራለች። ስለዚህ ቢያንስ የአጥሩን ድር ይተዉላት። ጎጆ ያለበትን ቅርንጫፍም ጫጩቶቹ በርረው እስኪወጡ ድረስ አይቁረጡ።