ሳይፈላ አሰላ መግባት

የባለቤቴ ቤተሰቦች አሰላ ናቸው፤ እኛ የምንኖረው አዳማ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ልጆቹን፣ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ጭነን በአሮጌዋ ኮሮላችን እንወጣለን። እዚያ መንገድ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ሳላይ ተመልሼ አላውቅም። አብዛኛው የቆመው በሙቀት ነው። አብዛኛው ደግሞ ከቤቱ ሳይነሳ ሊያየው በሚችለው ነገር ነው የቆመው። ይሄ ያበሳጨኛል። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርብ ነው። ግን አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አሰላ ከ2,400 በላይ። መንገዱ መጀመሪያ ወደ አዋሽ ወንዝ ይወርድና ከወንዙ ማዶ በዴራ፣ በኢተያ አድርጎ ሽቅብ ይያያዘዋል። ሙሉ ሰው የጫነ ትንሽ ሞተር በቆላ ፀሐይ ኤሲ ከፍቶ ከከባድ መኪና ኋላ ሲንፏቀቅ፣ የተደበቀ ችግር ካለበት እዚያ ይጋለጣል። አዳማ ውስጥ ከፍራንኮ ፖስታ ቤት ሲመላለስ ያልታየ ጉድ ሁሉ ዳገት ላይ ይወጣል።

መጀመሪያ የሙቀት ጌጃችሁን እወቁት። ጤነኛ መኪና ላይ ቀስቱ መሃል ወይም ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ንቅንቅ አይልም። የእናንተ የት እንደሚቆም በደህና ቀን አይታችሁ ያዙ። ከዚያች ቦታ ትንሽ ከፍ ካለ የሆነ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው፤ ቀይ እስኪነካ አትጠብቁ። ብዙ ቪትዞች ግን ቀስት የላቸውም። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ መብራት፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቀይ መብራት፣ በቃ። በመሃል ያለውን አይነግሯችሁም። ቪትዝ ይዞ ዳገት የሚያዘወትር ሰው ከመሪው ሥር የሚሰካውንና ዲግሪውን በስልክ የሚያሳየውን ኦቢዲ ቢገዛ እመክራለሁ። ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ሰላም ነው። 100ን አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ዝም ብላችሁ አትንዱ።

ምን ይደረግ? ኤሲውን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ። ቀጥሎ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጉና ፋኑን በሙሉ ኃይል ልቀቁት። በዚያ ፀሐይ ማሞቂያ ማብራት ዕብደት ይመስላል፤ ልጆቼም ያኮርፋሉ። ነገር ግን ማሞቂያው ራሱን የቻለ ትንሽ ራዲያተር ነው። ከሞተሩ ላይ ሙቀት ቀንሶ ወደ እናንተ ይልከዋል። ከዚያ ማርሽ ቀንሱ። በአራተኛ እያቃሰተ ከሚወጣ በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ቀለል ብሎት ቢወጣ ይሻላል፤ የውሃ ፓምፑም ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ውሃውን ቶሎ ቶሎ ያመላልሰዋል። ከፊት ያለውን ሲኖትራክ ካልቀደምኩ ብላችሁ ነዳጅ አትርገጡ።

በዚህም ካልተመለሰ ዳር ያዙ። ከኩርባ የራቀ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ምረጡ። እንፋሎት ከሌለ፣ ከሥር ውሃ ካልፈሰሰና የራዲያተሩ ፋን እየዞረ ከሆነ ሞተሩን ሳታጠፉ አንድ ሁለት ደቂቃ ተዉት። ቀስቱ ከወረደ ጥሩ። እንፋሎት ካያችሁ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ወይም ቀስቱ ቀይ ውስጥ ከገባ ግን ወዲያው አጥፉ። ኮፈኑን ክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ።

ይሄን የመጨረሻውን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። አንድ ጊዜ ከኢተያ በታች አንድ ልጅ ቪትዙን አቁሞ የእናቱን ነጠላ እጁ ላይ ጠቅልሎ ክዳኑን ሲይዝ ደረስኩ። እናቱ ከጎኑ ቆመዋል።

«ወንድሜ፣ እጅህን አንሳ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ውሃ ልጨምርበት ነው።»

«ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ፊትህን ነው የሚያቃጥልህ።»

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም። አዳማ ላይ በ94 ገደማ፣ አሰላ ላይ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል። ሞተሩ የሚሠራው በዚሁ ሙቀት አካባቢ ነው። እንዳይፈላ የያዘው ክዳኑ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። 1.1 የሆነው በደንብ ሲገጥም ውሃው ከ115 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። እንግዲህ 110 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ላይ ክዳኑን ስትከፍቱ ግፊቱ በአንዴ ይጠፋል። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ የሚወጣው ደግሞ ወደ እናንተ ነው። ነጠላ አያድንም።

ጠበቅን። የላይኛውን ወፍራም የራዲያተር ቱቦ በጨርቅ ይዤ ጨመቅኩት። ድርቅ ብሎ ከተወጠረ ውስጡ ገና ግፊት አለ። እሺ ብሎ ሲጨመቅና እጅ ሲያስችል ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዞ በትንሹ ማዞር፣ ሲፍ የሚለው ድምፅ እስኪያልቅ መታገስ፣ ከዚያ ተጭኖ ማውጣት። ልጁ «ሪዘርቩ እኮ ሙሉ ነው» እያለ ነበር። እውነቱን ነው፣ ነጩ የፕላስቲክ ዕቃ ሙሉ ነበር። ራዲያተሩ ግን ውስጡ ባዶ። ክዳኑን ገልብጠን ስናየው ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሞተር ሲሞቅ ትርፉ ውሃ ወደ ሪዘርቩ ይወጣል፣ ሲበርድ ደግሞ ክዳኑ መልሶ ይስበዋል። ጎማው ከተበላሸ ይወጣል እንጂ አይመለስም። በየጉዞው ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ሪዘርቩ ሞልቶ ራዲያተሩ ይደርቃል።

ስለዚህ ሪዘርቩን ብቻ አይታችሁ አትተማመኑ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃው አፍ ድረስ መሆኑን ተመልከቱ። የክዳኑን ጎማ በጣት ዳብሱት፤ ልስልስ ማለት አለበት። መኪናው አድሮ ሲበርድ የላይኛው ቱቦ ወደ ውስጥ ተጣብቆ ጠፍጥፎ ካገኛችሁትም ክዳኑ ነው፤ መልሶ የሚያስገባው ቫልቭ ተዘግቷል። ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው፤ ስትለውጡ ቁጥሩ የድሮው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን።

ውሃ ስትጨምሩም አትቸኩሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከገለበጣችሁ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞተሩ ከበረደ በኋላ አስነሱት፣ እየሠራ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። በሃይላንድ ፕላስቲክ የያዛችሁት መናኛ ውሃ ቢሆንም ለጊዜው ያደርሳል፤ የአምስት ሊትር ጀሪካን መኪና ውስጥ ይኑራችሁ የምለው ለዚህ ነው።

ለዘወትር ግን የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ይቅር። እዚህ ከተማ ሰው ኩላንት ለቀዝቃዛ አገር ነው ይላል። በረዶ የለንም እኮ ይላል። ኩላንት ውሃው በረዶ እንዳይሆን ብቻ አይደለም። የሚፈላበትን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገት ይከላከላል፣ የውሃ ፓምፑን ዕድሜ ያረዝማል። ተራ ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ይደፈናሉ። የራዲያተራችሁን ውሃ በነጭ ብርጭቆ ቀድታችሁ እዩት። የዛገ ቀለም ከያዘ ይታጠብ። ያልተበረዘ ኩላንት ከገዛችሁ በግማሽ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ በርዙት። ዲስቲልዱን ልትገዙ ሱቅ ገብታችሁ «የባትሪ ውሃ» ብቻ አትበሉ፤ አሲድ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ጽሑፉን አንብቡ። ቀይና አረንጓዴ አትቀላቅሉ፣ አንዱን ይዛችሁ ቀጥሉ፤ ብዙዎቹን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ በቂ ነው። አሮጌውን ግቢ ውስጥ አትድፉት። ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። ልጅም ውሻም ይቀምሰዋል።

ጋራዥ ስትሄዱ ደግሞ «ይሞቃል» ብቻ ብላችሁ ቁልፍ አትስጡ። መቼ እንደሚሞቅ ንገሩት። ቆሞ ወይም ከተማ ውስጥ ሲጨናነቅ ሞቆ፣ መንገድ ሲለቀቅ የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው ፋኑ ላይ ነው፦ ፊውዙ፣ ሪሌው (ፋኑን የሚያበራው ማብሪያ) ወይም ራሱ የፋኑ ሞተር። ከተማ ውስጥ ሰላም ሆኖ ዳገት ወይም ፈጣን መንገድ ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ፓምፕ ወይም የማይከፍት ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ዕቃ) ነው። የላይኛው ቱቦ ግሎ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱን አስቀድሙ። ከሥር ጠብታ ሳይኖር ውሃው የሚጠፋ ከሆነ ግን ያስፈራል። ዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ሄዷል። ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣም እንደዚያው። እንዲህ ያለ መኪና አይነዳም፣ ይጎተታል።

ቴርሞስታቱን «አውጥተን እንጣለው፣ አገራችን ሞቃት ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ። ይሄ ምክር ከተማውን ሞልቶታል። ቴርሞስታት ሲወጣ ሞተሩ ልኩን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል። ከዚያም በላይ በብዙ ቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር የማይሄደውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ካወጣችሁት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ለሙቀት መድኃኒት ተብሎ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ ያስፈላል። አዲስ አስገጥሙ።

የአዳማ ነፋስና አቧራም የራሱ ሥራ አለው። በኤሲው ራዲያተርና በሞተሩ ራዲያተር መካከል አቧራ፣ ነፍሳትና የፌስታል ቁራጭ ይጠራቀማል፤ ከፊት ስታዩት ንጹሕ ይመስላል። ላቫጆ ስትወስዱ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ለስለስ ባለ ውሃ እንዲያጥቡት ጠይቁ። በከፍተኛ ግፊት በቅርብ ከረጩት ቀጫጭኖቹ ክንፎች ይተኛሉ፣ አየር አያልፍም።

መንገድ ላይ ከቆማችሁ ትሪያንግል ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ተሳፋሪ መኪና ውስጥ አይቆይ፣ ከአስፋልቱ ይውጣ። ጎማ ሥር ድንጋይ ካስገባችሁ ስትነሱ ድንጋዩን አንሱት። ማታ ለሚመጣ ባጃጅና ሞተረኛ ያ ድንጋይ ሞት ነው።

ከአሰላ ስትመለሱ ሞተሩ ያርፋል፣ ሥራው የፍሬን ይሆናል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ፍሪ ማርሽ ላይ አትልቀቁት። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነም ከዲ ወደ ሁለት ወይም ወደ ኤል አውርዱት። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ተጠቀሙ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ኢተያ ቁሙና ቡና ጠጡ፤ እስኪበርድ ድረስ ውሃ አትርጩበት።