የፋይበርግላስ ሳብዉፈር (የባስ ስፒከር) ሳጥን ለመኪናችሁ ለምትሠሩ

ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ሃርድነሩ፣ ማለትም ፈሳሹን ሬዚን የሚያደርቀው ቅመም ላይ ነው። ለ1 ሊትር ፖሊስተር ሬዚን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ሞቃት ቀን ከሆነ ወደ 10 ጠጋ በሉ። በዓይን ግምት አይሆንም፣ በሲሪንጅ ለኩት። ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ካበዛችሁት እዚያው ዕቃው ውስጥ ይግልና ያጨሳል፣ ሳጥኑም ይሰነጠቃል። በአንድ ጊዜ ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ አትበጥብጡ።

የሳጥኑ ቅርጽ የሚወጣበትን የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ በወረቀት ፕላስተርና በፎይል ሳትሸፍኑ እንዳትጀምሩ፤ ሬዚን ከያዘ አይለቅም። ማቱ (የፋይበርግላስ ምንጣፉ) በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ከሆነ 5 ወይም 6 ድርብ አልብሱ። ሮለሩን እየጫናችሁ አረፋውን አስወጡ፤ ነጭ ነጥብ የቀረበት ቦታ አየር አለው፣ ባሱ ሲመታ የሚንጫረረው እዚያ ነው።

ሳጥኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ለማወቅ ደግሞ ስንዴን የሚያህል የለም። በሳጥኑ ፊት የተወጠረው ጨርቅ የመጀመሪያውን ሬዚን ጠጥቶ ሲደርቅ፣ በስፒከሩ ቀዳዳ በሊትር እየሰፈራችሁ ሙሉት። ስፒከሩ ራሱ የሚይዘውን 2 ወይም 3 ሊትር ቀንሱ፤ ከውስጥ የሚጨመረው ድርብም ትንሽ ይበላል። ስንዴው ግን ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።